ስምህን፣ የእናትህን ስም

በአራዳ ሦስት ወጣቶች አንድ ጠረጴዛ ከበው ቡና የሚጠጡ ቢሆን፣ ከሦስቱ አንዱ ኮከብ ቆጣሪ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ኮከብ ቆጣሪ ማለቴ ጥምጥሙን ጠምጥሞ፣ መጋረጃ ጋርዶ፣ ዕጣን እያጤሰ ባለጉዳይ የሚያስገባውን አዋቂ አይደለም። የእኛው ኮከብ ቆጣሪ ክራቫት ያሰረ፣ ዲግሪውን ከተቀበለ ገና ሁለትና ሦስት ዓመት የሆነው፣ ሰኞ ጧት በመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፋይል የሚያገላብጥ ሰው ነው። ገንዘብ አይቀበልም፤ ዋጋው ቢበዛ አንድ ማኪያቶ ነው። ጨዋታው ቀዝቀዝ ሲል እርሳሱን ከደረት ኪሱ ያወጣና «እስቲ ስምህን፣ የእናትህን ስም» ይላል። በዚህ ጊዜ በጠረጴዛው ዙሪያ ሳቅ ይነሣል። ሳቁ ግን ብዙ አይቆይም፤ ቁጥሩ ተደምሮ እስኪያልቅ ድረስ ሲስቅ የቆየ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ይህን የምጽፈው ከዳር ቆሜ አይደለም። በተማሪዎች መኝታ ቤት ሳለሁ የጀመርሁት ልማድ ዛሬም አልተወኝም። ከመጻሕፍት አዟሪ የገዛኋት አንዲት ቀጭን ዐውደ ነገሥት አለችኝ፤ ከውጭ አገር የተመለሰ ወዳጄ የሰጠኝ አንድ የታሮት ካርታም አለኝ። ሁለቱ በአንድ መሳቢያ ውስጥ ተስማምተው ይኖራሉ።

ዐውደ ነገሥትን በስም የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ገልጦ ያነበበው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው። የጠያቂው ስምና የእናቱ ስም በየፊደላቸው ቁጥር ይደመራሉ፤ ድምሩ ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት እየተባለ ይገደፋል፤ የቀረው ቁጥር ኮከቡን ያመለክታል። አንድ ቢቀር ሐመል፣ ሁለት ቢቀር ሠውር፣ ሦስት ቢቀር ገውዝ ነው፤ ከዚያ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲና ደለዊ ይከተላሉ፤ መጨረሻው ዐሥራ ሁለተኛው ሑት ነው። ዐሥራ ሁለቱ ደግሞ ለአራቱ ባሕርያት ሦስት ሦስት ሆነው ይከፈላሉ። ሐመል፣ አሰድና ቀውስ እሳት ናቸው፤ ሠውር፣ ሰንቡላና ጀዲ መሬት፤ ገውዝ፣ ሚዛንና ደለዊ ነፋስ፤ ሸርጣን፣ አቅራብና ሑት ውሃ። ኮከቡ ከታወቀ በኋላ መጽሐፉ አይሰስትም። የሰውየውን ጠባይ፣ የሚያሰጋውን በሽታ፣ የሚስማማውን የትዳር ጓደኛ፣ ለጭዳ የሚሆነውን የዶሮ መልክ ሳይቀር ይዘረዝራል። የዕድሜውን ልክም ይናገራል።

ስሞቹን ልብ ብሎ ያየ ሰው አገራቸው ወዴት እንደሆነ አያጣውም። ሐመል በዐረብኛ ጠቦት ነው፤ አሰድ አንበሳ፣ አቅራብ ጊንጥ፣ ቀውስ ቀስት፣ ሑት ዓሣ። እነዚሁ ዐሥራ ሁለቱ ከባቢሎን ተነሥተው በግሪኮች እጅ ተሰናድተው፣ በዐረቦች መጻሕፍት አልፈው ወደ ደብተራው ማኅደር የገቡ ናቸው። እንግዲህ በውጭ አገር መጽሔት «ሊዮ ነኝ» ብላ ያነበበች ወይዘሪት፣ አያቷ «አሰድ» ሲባሉ የሰሙትን አውሬ ነው ያገኘችው። መንገዱ ሁለት ሆነ እንጂ አንበሳው አንድ ነው።

ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝም እርሱ ነው። የአውሮፓው ኮከብ ቆጣሪ የተወለድህበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ይጠይቃል፤ ቢያንስ ስለ ሰማይ የሚናገር ይመስላል። የእኛው ግን ሰማይን ቀና ብሎ አያይም። ኮከብ ይቆጥራል ይባላል እንጂ የሚቆጥረው ፊደል ነው። ምክንያቱም ሳይሆን አይቀርም፤ ብዙው አባትና እናት የልጁን የልደት ሰዓት ቀርቶ ቀኑን በትክክል ጽፎ ባላስቀመጠበት አገር፣ ሁሉም ሰው ያለ ጥርጥር የሚያውቀው ነገር የእናቱን ስም ነው።

በነገራችን ላይ፣ የውጭውን ስሌት እዚህ አገር የሚሞክሩ ጓደኞቼ አንድ ወጥመድ ይጠብቃቸዋል። እናት «ልጄ የተወለደው በሁለት ሰዓት ጧት ነው» ስትል በአውሮፓ ሰዓት ስምንት ማለቷ ነው። ይህን ሳያስብ ሁለት ብሎ ያስገባ ሰው የሰማዩን ሩብ ያሽከረክረዋል፤ በልደት ሰዓት ከምሥራቅ ይወጣ የነበረውም ኮከብ ሦስት ቤት ያህል ይሸሻል። በዚህ ዓይነት የተሰላ «የልደት ሠንጠረዥ» በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው አይቻለሁ፤ ልክ ነው፣ እኔን ነው ብሎ ይምላል።

ሰማይን የሚመለከት ስሌት በአገራችን የለም ማለት ግን ትልቅ ስሕተት ይሆናል። ባሕረ ሐሳብ አለ። ኮከብ ቆጠራና ባሕረ ሐሳብ አንድ የሚመስላቸው ወጣቶች ስላሉ ጥቂት ልቆይበት። የ2017 ዓ.ም. ፋሲካ መቼ ይውላል? 5500 ላይ 2017 ቢጨመር 7517 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 12 ይቀራል፤ አንዱን ለዘመን ትተን ወንበሩ 11 ነው። 11 በ11 ቢባዛ 121፣ በ30 ቢገደፍ 1፤ ይህ አበቅቴ ነው። 11 በ19 ቢባዛ 209፣ በ30 ቢገደፍ 29፤ ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆን አለባቸው፤ ሆኑም። መጥቅዑ መስከረም 29 ረቡዕ ዋለ፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ሲጨመርበት 33፣ በ30 ቢገደፍ 3፤ ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ገባ። ከዚያ 69 ቀን ቆጥሮ ሚያዝያ 12 ቀን ፋሲካ ሆነ፤ ሁላችንም በዚያ ቀን ፈሰክን። ስሌቱን ጎንደር የተቀመጠ ሊቅና አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ተለያይተው ቢሠሩት የሚያገኙት መልስ አንድ ነው። ቢሳሳቱም ስሕተቱ ይታወቃል፤ ጨረቃ ራሷ ትመሰክራለችና።

መጽሐፈ ሄኖክም ይህን ልዩነት በራሱ መንገድ ያውቀዋል። በምዕራፍ 8 ከሰማይ የወደቁት መላእክት ለሰው ልጅ ካስተማሩት የማይገባ ጥበብ መካከል ኮከብ ማየትን ይቆጥራል፤ ከምዕራፍ 72 ጀምሮ ደግሞ ፀሐይና ጨረቃ የሚወጡባቸውን በሮች፣ የ364 ቀኑን ዓመት በዝርዝር ይተርካል። ኮከብን መቁጠርና በኮከብ ሰውን መቁጠር ለደራሲው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ።

አራዳ ከዚህ የከፋም አይታለች። ዛሬ ፒያሳ የምንለው ሰፈር የጣሊያን ወረራ ከመምጣቱ በፊት፣ በጊዮርጊስ አጠገብ የከተማው ትልቁ ገበያ የሚቆምበት ነበር፤ ገበያ ባለበት ደግሞ ሌባ አለ፤ ሌባ ባለበት ሌባ ሻይ አለ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አገራችንን የጎበኙ የውጭ ሰዎች በመጽሐፎቻቸው ጽፈውታል። አንድ ትንሽ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ ጢስ ይስባል፤ ወገቡ በገመድ ታስሮ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ይሮጣል። ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ልጁ ያን ሰው አያውቀውም፤ ያ ሰውም ማስረጃ ቢያቀርብ የሚሰማው የለም። ሥርዓቱ በኋላ በመንግሥት ትእዛዝ ቀርቷል። ጥንቆላ ሁሉ ጨዋታ ነው ለሚሉ ወዳጆቼ ይህን ዘወትር አነሣለሁ። ባለገመዱ ልጅ የገባበት ቤት ባለቤት ጨዋታ አልመሰለውም።

ወደ ካርታው ልመለስ። ፒያሳ የሚለው ስም ጣሊያንኛ እንደሆነ ሁሉ ካርታ የሚለውም ቃል ጣሊያንኛ ነው፤ ታሮትም የተወለደው እዚያው ጣሊያን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ15ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ጣሊያን መሳፍንት ቤት ሲታይ ጥንቆላ አልነበረም፤ ልክ እንደ ማንኛውም ካርታ መጫወቻ ነበር። 78 ቅጠሎች አሉት። 56ቱ በዋንጫ፣ በሰይፍ፣ በገንዘብና በበትር የተከፈሉ ናቸው፤ በጣሊያን ካርታ የተጫወተ ሰው እነዚህን አራቱን ያውቃቸዋል። 22ቱ ደግሞ ሥዕል ያላቸው ናቸው፤ ንጉሥ፣ መናኝ፣ የተሰቀለ ሰው፣ ሞት፣ ኮከብ፣ ጨረቃ፣ ፀሐይ። በ1781 አንቷን ኩር ደ ዤብላን የተባለ ፈረንሳዊ ተነሥቶ፣ ይህ ጨዋታ አይደለም፣ የጥንት ግብፅ ካህናት የሰወሩት የጥበብ መጽሐፍ ነው አለ። የግብፅን ጽሕፈት ማንበብ ግን ገና አልተቻለም ነበር፤ ሻምፖሊዮን ምሥጢሩን የፈታው በ1822 ነው። ሰውየው ማንበብ በማይችለው መጽሐፍ መሰከረ ማለት ነው። ሌላው ፈረንሳዊ ኤቴላ ወዲያው መጠንቆያ አደረገው። ዛሬ በብዙ አገር የሚሸጠው፣ በእኔም መሳቢያ ያለው ዓይነት፣ በ1909 በለንደን የታተመው ነው፤ ሥዕሎቹን የሣለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት። ሥዕሎቹ ያማሩ መሆናቸውን ማንም አይክድም።

እንግዲህ ሰው ከፊት ለፊት ተቀምጦ ካርታው ሲዘረጋ፣ ወይም ቁጥሩ ሲደመር ምን ይሆናል? ከልምድ የማውቀውን ልናገር። ጠያቂው የሚመጣው ሊሰማ አይደለም፤ ሊናገር ነው። «በቅርብ ሰው ቅያሜ አለብህ» ካልሁት በኋላ ዝም ማለት ይበቃኛል። እርሱ ራሱ ቅያሜው ከማን ጋር እንደሆነ፣ መቼ እንደጀመረ፣ ማን እንዳባባሰው ይነግረኛል። በመጨረሻ ሲነሣ «እንዴት አወቅህ?» ይላል። ያወቅሁት ከእርሱ ነው። ቡና አፍልታ፣ ከበረካ በኋላ ሲኒውን ገልብጣ ዝቃጩን የምታይ የጎረቤት ወይዘሮም ከዚህ የተለየ ነገር አታደርግም፤ የሰፈሩን ወሬ አስቀድማ ስለምታውቅ ግን ከእኔ ትበልጣለች።

ይህን ነገር በሚገባ የመረመረው በርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቡና መምህር ነው። በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ መጠይቅ ሰጠ፤ ከሳምንት በኋላ ለእያንዳንዱ «ይህ ያንተ ጠባይ ነው» ብሎ አንዳንድ ወረቀት አደለ። ተማሪዎቹ ወረቀቱ ምን ያህል እንደገለጣቸው ከአምስት ነጥብ እንዲሰጡ ተጠየቁ፤ አማካዩ 4.26 ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው ሁሉም የያዙት ወረቀት ቃል በቃል አንድ መሆኑ የተገለጠላቸው። መምህሩ ዐረፍተ ነገሮቹን በብዛት የለቀመው በመንገድ ዳር ከሚሸጥ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር። በ1985 ደግሞ ሾን ካርልሰን በኔቸር መጽሔት ያወጣው ሙከራ፣ ስመ ጥር ኮከብ ቆጣሪዎች የአንድን ሰው የልደት ሠንጠረዥ ይዘው የጠባዩን መግለጫ ከሦስት አማራጭ ለይተው እንዲያወጡ የጠየቀ ነው። ያገኙት ከሦስት አንድ ያህል ብቻ ነው፤ ይህንንም ዓይኑን ጨፍኖ የሚመርጥ ሰው ያገኘዋል።

ይሁን እንጂ የፎረርን ወረቀት ለአራዳ ጠረጴዛ ባነበው የሚረዳኝ አይመስለኝም። ሰው የሚጠይቀው ጠባዩን ሊያውቅ ብቻ አይደለም። ምደባዬ የት ይሆናል፣ የኮንዶሚኒየሙ ዕጣ ይወጣልኝ ይሆን፣ የውጭ አገሩ ትምህርት ዕድል ይሳካ ይሆን ነው ጥያቄው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስና ነዋሪው ወደየአቅጣጫው ሲሄድ፣ ለወትሮው በኮከብ የሚስቁ ሰዎች ወንበር ስበው ቀረቡኝ። መልሱ በአንድ መሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ ላለ ጥያቄ፣ መልሱን ከሰማይ የሚጠብቅ ሰው ሞኝ ነው ለማለት አልደፍርም። ፋይሉን የሚያሳየው ሰው ቢያገኝ እኔ ዘንድ አይመጣም ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የጋብቻው ጥያቄ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ታጭቶ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ቀን ተቆርጦ ሳለ የልጅቱ አክስት ኮከባቸውን ለአንድ አዋቂ አስቆጠሩ። የእርሱ አቅራብ፣ ውሃ፤ የእርሷ ሐመል፣ እሳት። ውሃ እሳትን ያጠፋልና ትዳሩ አይጸናም ተባለ። ባልደረባዬ ፊቱ ጠቁሮ መጣና «አንተ ደግሞ ቁጠርልኝ» አለኝ።

ልጅቱን ሠናይት ብለን እንጥራት፤ ስሟን ለውጬዋለሁ፣ ነገር ግን የእርሷ ስም ያመጣውን ችግር የሚያመጣ ስም መርጬላታለሁ። እናቷን ወለተ ማርያም እንበል። ፊደሉን በግእዙ ተራ ከሀ ጀምረን፣ አንድ፣ ሁለት እያልን እስከ ዐሥር፣ ከዚያ በዐሥር በዐሥር፣ ከዚያ በመቶ በመቶ ቁጥር እንስጠው። ወለተ ማርያም 176 ይሆናል። ሠናይት በንጉሡ ሠ ሲጻፍ 135፤ ድምሩ 311፤ በ12 ቢገደፍ 11 ይቀራል፤ ደለዊ ናት፣ ነፋስ። ያው ስም በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን 137፤ ድምሩ 313፤ 1 ይቀራል፤ ሐመል ሆነች፣ እሳት። አዋቂው ስሟን ከአክስቷ አፍ ሰምቶ በእሳቱ ሰ ጽፎት ነበር። በትምህርት ቤት ምስክር ወረቀቷ ላይ የተጻፈው ግን በንጉሡ ሠ ነው። የአንዲት ልጅ ትዳር በአንዲት ሞክሼ ፊደል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሞክሼዎቹ ይቀነሱ፣ አይቀነሱ እያሉ ሊቃውንት ሲከራከሩ ይህን ጉዳይ ያነሣ ሰው መኖሩን አልሰማሁም።

ስሌቱን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት፤ ይዞ ሄዶ ለአክስት አሳየ። አክስት ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። «ታዲያ በክርስትና ስሟ ይቆጠር» አሉ። የክርስትና ስሟ ደግሞ ሌላ ኮከብ አመጣ። በዚህ መካከል የሠርጉ ቀን ሁለት ጊዜ ተላለፈ፤ ለድንኳን የተሰጠው ቀብድ አልተመለሰም፤ ልጅቱ ከአክስቷ ጋር መነጋገር ተወች። በጠረጴዛ ዙሪያ ስንስቅ ይህን የመሰለው ነገር ከየት እንደሚመጣ የሚያስብ የለም። አክስት ክፉ ሰው አይደሉም፤ የእህታቸው ልጅ እንዳትጎዳ የፈሩ ናቸው። ፍርሃቱን የሰጣቸው መጽሐፍ ግን ለፍርሃቱ መጨረሻ አላበጀለትም፤ አንድ ስም ሲረታ ሌላ ስም አለ፣ አንድ አዋቂ ሲረታ ሌላ አዋቂ አለ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ጥቅም ለማግኘት ብሎ በጥንቆላ፣ መናፍስት በመጥራት፣ የተቀበረ ሀብት አመለክታለሁ በማለት የሰውን የዋህነት መጠቀሚያ የሚያደርገውን በደንብ መተላለፍ ይቀጣዋል። ሕጉ የሚይዘው «ጥቅም ለማግኘት» የሚለውን ነው፤ ማኪያቶ ጥቅም መሆኑንና አለመሆኑን የሕግ ተማሪዎች ይከራከሩበት። ባልደረባዬን እስከ ሁለት ሠርግ ድረስ ያስጨነቀው ስሌት ግን በገንዘብም ቢሠራ በነጻ ያው ነበር።

እኔ ካርታውንም መጽሐፉንም አልጣልሁም። ሥዕሎቹን እወዳቸዋለሁ፤ የደብተራው የፊደል ስሌትም ለአእምሮ ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወዳጆቼ በሌላ መንገድ የማይነግሩኝን በዚህ ይነግሩኛል። ሁለት ነገር ብቻ አላደርግም። የሁለት ሰዎችን ስም አብሬ አልደምርም። የዕድሜ ልክ የሚናገረውንም ክፍል ለማንም አላነብም። ባለፈው ወር አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ «በስንት ዓመቴ ነው የምሞተው?» ብሎ እየሳቀ ጠየቀኝ፤ ገጾቹ ከመጽሐፉ ተቀድደው መውጣታቸውን አሳየሁት። ሳቁን አቁሞ የተቀደደውን ጠርዝ ሲዳስስ ቆየ፤ «ማን ቀደደው?» አለኝ።